ተጠሪ የሌለው መዝገብ

«ጤና ይስጥልኝ። አባዬ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። እኔ የምኖረው አዳማ ነው፤ አባዬ ግን ዕድሜውን ሙሉ የኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ባንክ ያስቀመጣት ትንሽ ገንዘብ አለች። ቤቱም በስሙ ነው። ባንክ ስንሄድ ‹ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አምጡ› አሉን። እማዬ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ‹ባሌን ቀብሬ ልጆቼ ፍርድ ቤት ሊካሰሱ ነው?› ነው የምትለው። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። በዚያ ሳልፍ እንኳ ልቤ ይመታል።

ከእማዬ የተወለድነው ሦስት ነን። አንዷ እህቴ ቤሩት ናት። ሌላም አለ። አባዬ ከትዳሩ ውጪ የወለደው የ15 ዓመት ወንድም አለን። በደንብ ያየነው ለቅሶው ላይ፣ ጥግ ቆሞ ሲያለቅስ ነው። አጎታችን ‹የእሱን ስም አታንሱ፤ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የነገራችሁትን ነው› ይላል። ጉዳዩን በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ የሚል ሰውም አምጥቶልናል። ሰውዬው ቀብድ ይፈልጋል። ከየት ልጀምር?

የመጀመሪያ ልጅ፣ ከአዳማ»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባንኩም ከቤቱም በላይ ውስጤ የቀረው የእናትሽ እንባ ነው። ስለዚህ ከእሳቸው ልጀምር።

እኛ አገር «ፍርድ ቤት» ሲባል ቶሎ የሚታየን ጠብ ነው። «እገሌ ፍርድ ቤት ይመላለሳል» ከተባለ «ከማን ጋር ተጣልቶ?» ብለን እንጠይቃለን። የእናትሽም ፍርሃት ከዚህ የመጣ ነው። ግን የፍርድ ቤት ሥራ ማፋረድ ብቻ አይደለም። የወራሽነት ማስረጃ፣ የሞግዚትነት ማስረጃ፣ የባልና ሚስትነት ማረጋገጫ፣ የስም ለውጥ፣ ጉዲፈቻ ማጽደቅ፣ ወሬው ለሁለት ዓመት የጠፋን ሰው መጥፋት ማስወሰን፣ ይህ ሁሉ እዚያው ነው የሚሠራው። አብዛኛው ማንም ማንንም ሳይከስ ያልቃል።

ለእናትሽ አንድ ነገር አሳዪአቸው። አቤቱታችሁ ሲጻፍ ከላይ «አመልካች» ይልና የእናንተ ስም ይገባል። ከሥሩ «ተጠሪ» ይላል። ተጠሪ ማለት መልስ ስጥ ተብሎ የሚጠራው፣ ከወዲያ በኩል የሚቆመው ሰው ነው። በእናንተ ወረቀት ላይ እዚያ ቦታ የሚጻፈው «የለም» የሚል ነው። ያንን መስመር በጣትሽ እያመለከትሽ አንብቢላቸው። ተጠሪ፣ የለም። ልጆቻቸው እርስ በርስ እንዳልተካሰሱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 የወጣ ነው። አንቀጽ 826 ላይ ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው ይላል። አንቺ አዳማ መኖርሽ ለውጥ አያመጣም። አባትሽ የኖሩት አዲስ አበባ ስለሆነ የምትሄዱት እዚያ ነው። ክርክር የሌለበት የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከተማው ውስጥ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ስላሉ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ «ይህ የእኛ አይደለም» ተብሎ የሚመለስ አለ። ክልል ላይ ቢሆን ኖሮ የምትጀምሩት ከወረዳ ፍርድ ቤት ነበር።

መጀመሪያ ምንም ወረቀት ሳትይዢ ሂጂ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ልብሽ የሚመታው ቦታውን ስለማታውቂው ነው። አንድ ጠዋት መታወቂያሽን ብቻ ይዘሽ ግቢ። በር ላይ ትፈተሻለሽ፣ አትደንግጪ፣ ሁሉም ይፈተሻል። መረጃ የሚሰጥ ሰው የት እንደሚቀመጥ ጠይቂና «የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል?» በይው። ብዙ ቦታ የሚያስፈልገው ነገር ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ክፍት የሆነ ችሎት ገብተሽ ከኋላ ወንበር ተቀመጪ። ችሎት በሕጉ መሠረት ለማንም ክፍት ነው፤ ለይቶ ዝግ የሚደረገው ጥቂቱ ነው። ማን እንዳስገባሽ የሚጠይቅሽ የለም። ስልክሽን አጥፊ፤ ዳኛው ሲገቡ ሰው ሲነሳ ተነሺ። ሰዎች እንዴት እንደሚጠሩ፣ እንዴት «ክቡር ፍርድ ቤት» ብለው እንደሚናገሩ፣ ዳኛው ምን ምን እንደሚጠይቁ ታያለሽ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግማሹ ፍርሃትሽ ይለቅሻል።

ቀጥሎ ወረቀት። ዋናው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እስካሁን ካላስመዘገባችሁ ጊዜው አልፏል ብላችሁ አትተዉት፤ ዘግይቶም ይመዘገባል። የምታወጡት አባትሽ ይኖሩበት ከነበረው ወረዳ ነው። ከዚያ የእያንዳንዳችሁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የእናትሽ የጋብቻ ማስረጃ፣ የሁላችሁም መታወቂያ። ዋናውንም ቅጂውንም ያዢ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የተሰናከልኩበት ቦታ ነው። የእኔ አባት ስም የባንክ ደብተሩ ላይ በ«ገ/» ተቆርጦ ነበር የተጻፈው። መታወቂያው ላይ «ገብረ» ተብሎ ሙሉ ነው። የቤቱ ካርታ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም ሌላ ነው፤ ሰው በሚጠራው በቤት ስሙ ተመዝግቦ ኖሯል። እኔ ይህን ሁሉ አላየሁትም። የወራሽነቱን ማስረጃ በመታወቂያው ስም አወጣሁ። ባንኩ «እኛ ጋ ያለው ሰው ይህ አይደለም» አለኝ። ተመልሼ መዝገቡን ማስወጣት፣ ማመልከት፣ ምስክር መጥራት፣ እንደገና ቀጠሮ መጠበቅ ነበረብኝ። ለአንዲት ሰረዝ ሦስት ወር ሄደ።

አንቺ እንደዚያ እንዳትሆኚ። አቤቱታው ከመጻፉ በፊት የባንክ ደብተሩን፣ ካርታውን፣ የጡረታ ደብተሩን፣ መታወቂያውንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሪ። ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዪ። «ኃ» እና «ሀ»፣ «ሥ» እና «ስ»፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ልዩነት ካገኘሽ አቤቱታው ላይ «እንዲህ ተብለውም የሚጠሩት» ተብሎ እንዲገባ ጠይቂ። ምስክሮቻችሁም ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ያስረዱ። ያኔ ውሳኔው ላይ ሁለቱም ስም ይሰፍራል። የእናንተንም ስም እንዲሁ አድርጊ።

አቤቱታውን ራስሽ መጻፍ ትችያለሽ፤ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች፣ ማለትም ለሰው አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች፣ አሉ፤ የለመዱት ሥራ ስለሆነ ቶሎ ይጽፉልሻል። ብቻ ከመፈረምሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው። የሟች ሙሉ ስም፣ መቼና የት እንዳረፉ፣ ልጆቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩ፣ ምን እንዲሰጣችሁ እንደምትጠይቁ፣ ይህ ሁሉ መኖር አለበት። የምስክሮች ዝርዝርና ቃለ መሐላ አብሮ ይያያዛል። መዝገብ የሚከፍተው ሠራተኛ፣ ሬጅስትራሩ፣ አይቶ «ተሟልቷል» ካለ የዳኝነት ክፍያ ትከፍያለሽ። መዝገብ ይከፈታል፤ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ይሰጥሻል። ያንን ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥርሽ ያዢው። ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ ውስጥ የምትታወቂው በእሱ ነው።

ስለዚያ ቀብድ ስለሚፈልገው ሰውዬ። አትስጪው። ፍርድ ቤት የሚቀበለው ገንዘብ ደረሰኝ አለው። ደረሰኝ የሌለው ብር የፍርድ ቤት አይደለም። «ዳኛውን አውቃለሁ፣ ሬጅስትራሩ ዘመዴ ነው» የሚል ጉዳይ ገዳይ የሚሸጥልሽ የራስሽን ፍርሃት ነው። ሁለት ሳምንት ያለውንም እሱ አይወስነውም፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ችሎቱ ነው። ረዳት ካስፈለገሽ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጠይቂ። ገንዘብ ከሌለሽ ደግሞ ሌላ በር አለ። ሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡባቸው ማዕከላት አሏቸው፤ አንዳንዶቹ የሚሠሩት ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴቶችን በነጻ ያማክራል። የዳኝነት ክፍያውን መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ መዝገብ የመክፈት መብት ይሰጣል፤ አቅም እንደሌለው የሚያስረዳ ማስረጃ ያቀርባል።

አሁን ወደ ወንድማችሁ።

አጎትሽን አላውቃቸውም፤ ለእናንተ አዝነው ይሆናል የመከሩት። ግን የመከሯችሁ ነገር ትክክል አይደለም፤ አደገኛም ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 842 ደግሞ የሟች ልጆች መጀመሪያ ወራሾች ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው ይላል። ሴት ወንድ፣ ታላቅ ታናሽ፣ የዚህች እናት የዚያች እናት ብሎ አይለይም። እናንተ ሦስት አይደላችሁም፤ አራት ናችሁ።

ፍርድ ቤት የሚያውቀው የነገራችሁትን ነው የተባለውም ግማሽ እውነት ነው። ዳኛው አባትሽን አያውቋቸውም። ለዚህ ነው ቃለ መሐላ የሚያስፈጽሙት፤ ለዚህ ነው ምስክሮች የሚምሉት። እያወቁ አንድን ልጅ ዘሎ መማል በወንጀል ያስቀጣል። ማስረጃውም ቢወጣ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ያዛል፤ የልጁ እናት ወይም ጎረቤት አይቶ ይቀርባል። ያኔ ነው እናትሽ የፈሩት ነገር የሚመጣው። «ተጠሪ የለም» የነበረው መዝገብ ተጠሪ ይኖረዋል። ክርክር ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሊሄድና ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

ሕጉን ብንተወው እንኳ ያ ልጅ ጥግ ቆሞ ሲያለቅስ አይታችሁታል። አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ነገ አድጎ የሚቆጨው ያጣው ብር ብዛት አይሆንም። አባቴን ቀብሬ ስሜን ፋቁት ብሎ ነው የሚኖረው። እህቴ፣ በአንድ መስመር ልታስቀሪው የምትችዪውን ቁስል አታስጀምሪው።

እሱ ገና 15 ዓመቱ ስለሆነ ራሱ አያመለክትም። በሕይወት ያለችው እናቱ ሞግዚቱ ናት፤ እሷ ስለ እሱ ትቀርባለች። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የአባትሽ ስም ካለ ነገሩ ቀላል ነው። ከሌለ አባትነቱን በማስረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያኔ የእናንተ «አዎ፣ ወንድማችን ነው» ማለት ትልቅ ክብደት አለው። አጎትሽ አሁንም እምቢ ካሉ ከእሳቸው ጋር አትጣዪ። አመልካቾቹ እናንተ ናችሁ። ነገሩ ከከረረና ፌዴራል ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ከሙግቱ በፊት በአስማሚ ፊት ቁጭ ብሎ መነጋገርን አስገብቷል። ዘመድ ለዘመድ እንደዚያ ቢነጋገር እመርጣለሁ።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ፣ እዚያ ስትሰሚው እንዳትደነግጪ። በሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ይህ ሲባል ብዙ እናቶች ባዶ እጃቸውን የቀሩ ይመስላቸዋል። አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው። ቤቱ በአባትሽ ስም ቢሆንም በትዳራቸው ጊዜ የተገኘ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ የራሳቸው ነው፤ ውርስ ውስጥ አይገባም። ለአራታችሁ እኩል የሚከፈለው የቀረው ግማሽ ብቻ ነው። ባንክ ያለው ገንዘብም እንደዚሁ ይታያል። ለዚህ ነው የጋብቻ ማስረጃቸው የሚያስፈልገው። ጡረታው ደግሞ ከውርሱ ጋር አይደባለቅም። በሕይወት ያለች ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሳቸው የተተኪ አበል አላቸው። እናትሽ ያመልክቱ። ትንሹ ወንድማችሁም ይገባዋል።

ቤሩት ያለችው እህትሽ እስክትመጣ አትጠብቁ። እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሄዳ ውክልና ትስጥ። ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ሕጉ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት፣ እናት በውክልና ፍርድ ቤት እንዲቆሙ ይፈቅዳል፤ የእህትሽን ውክልና እናትሽ ቢይዙት ጥሩ ነው።

የቀጠሮው ቀን ራሱ ከምታስቢው አጭር ነው። ስማችሁ ይጠራል፤ ትገባላችሁ። ምስክሮች ይምላሉ። ሟችን ያውቋቸው እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው፣ ሌላ ልጅ መኖር አለመኖሩን ይጠየቃሉ። ስለዚህ ምስክር አድርጋችሁ የምትወስዱት ቤታችሁን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ የእድር ጓደኛ፣ የድሮ ጎረቤት፣ አብሯቸው የሠራ ሰው። የተጠየቁትን ብቻ እውነቱን ይመልሱ። ማስረጃ ከጎደለ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ያ መጥፎ ምልክት አይደለም። ውሳኔው ሲወጣ ግልባጩን በማኅተም ውሰዱ። አንድ ብቻ አትውሰዱ። ባንክ አንድ ይጠይቃል፣ የይዞታ አስተዳደር አንድ፣ ለቤታችሁም አንድ ይቀመጥ። ስሙን እዚያው ቆመሽ አንብቢ፤ ስህተት ካለ ከግቢው ሳትወጪ ተናገሪ።

የወራሽነት ማስረጃ የሚናገረው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ነው። ንብረቱን አያካፍልም። ክፍፍሉን ተስማምታችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ዕዳ ካለ ወይም ንብረቱ ምን ያህል እንደሆነ ካልተግባባችሁ ግን ፍርድ ቤቱን ውርስ አጣሪ እንዲሾም ጠይቁት። አጣሪው ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ሪፖርት ያቀርባል።

ጊዜንም አስቢ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ መደበኛ ችሎቶች ለእረፍት ይዘጋሉ፤ እስከ መስከረም የሚሠሩት አስቸኳይ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች ናቸው። ስለዚህ ከክረምቱ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። ሌላም አለ። ሌላ ሰው የውርስ ንብረት ይዞ ከሆነ ወራሹ ይህን ካወቀ በኋላ መጠየቅ የሚችለው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው ይላል ሕጉ። «ቆይ፣ ሐዘኑ ይውጣልን» እየተባለ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ መብታቸው ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያመናጭቅሽ ሰው ሊያጋጥምሽ ይችላል። አጋጥሞኛል። አልቅሰሽ አትመለሺ። የቅሬታ ክፍሉን ጠይቂ፤ እዚያ ካልተሰማሽ የፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት። መዝገብ ቁጥርሽን፣ ቀኑንና የክፍሉን ቁጥር ጽፈሽ ያዢ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ውለታ ልትለምኚ አልሄድሽም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ለወንድምሽ እናት ደውዪ። መጀመሪያ ልጁ እንዴት እንደሰነበተ ጠይቂ። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱን ፎቶ አንስታ እንድትልክልሽ፣ ስሙ እንዴት እንደሚጻፍም ፊደል በፊደል እንድትነግርሽ ለምኛት።